የሦስት ሳምንት አደራ

ካሳው በቆቦ ከተማ ስሙ በክፉ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሥነ ምግባር አስተምሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ ለለቅሶና ለችግር የሚረዳዳበት ቅሬ ሰብሳቢ አድርጎ መርጦታል። ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ “ጋሽ ካሳው ይጠሩ” ይባላል። እሱም ነጭ ጋቢውን ደረብ፣ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ይሄዳል። መከበር ደስ ይለው ነበር። ደስ እንደሚለው ግን ለራሱም አይነግርም።

ውሻዪቱ ወደ ቤቱ የገባችው በዚሁ መከበር ምክንያት ነው።

ጥር ወር መጨረሻ ላይ የቅሬው ስብሰባ ሊበተን ሲል ፈሪሀ እጇን አወጣች። ፈሪሀ የእንስሳት ሐኪም ናት። በሥራ ሰዓቷ ከብትና ፍየል ታክማለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ከጦርነቱ ወዲህ ባለቤት አጥተው በየመንገዱ የቀሩትን ውሾች እየያዘች ትከትባለች፣ ቁስላቸውን ታጥባለች፣ ሲያገግሙም ጠባቂ ውሻ ለቸገረው ገበሬ ትሰጣለች።

“እኔን የሚያስቸግረኝ መሀል ያለው ጊዜ ነው” አለች። “የታመመ ውሻ እስኪድንና ሰው እስኪለምድ ድረስ ማረፊያ ይፈልጋል። የእኔ ግቢ ደግሞ ሞልቷል። አሁን አንዲት ውሻ አለች፤ አስፋልቱ ላይ መኪና ገጭቷት የኋላ እግሯ ተጎድቷል። የምትወስዳት ሴት አግኝቻለሁ። ሲቲ ትባላለች፤ ከዋጃ ወደ ቆላው ወረድ ብላ ነው የምትኖረው። ማሽላው ከታጨደ ወዲህ ጅብ አራት ፍየሎቿን በልቶባታል። እስክትድን ድረስ ሦስት ሳምንት ብቻ የሚያቆይልኝ ሰው ባገኝ?”

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ። ካሳው ሰብሳቢ ነውና ዝምታው በእሱ ላይ የተጫነ መሰለው። እጁን ከፍ አደረገ።

“እኔ ዘንድ ትሁን” አለ።

አጨበጨቡለት። ፈሪሀ ከተቀመጠችበት መጥታ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

“አደራዎን ጋሽ ካሳው። ከከበደዎት ደግሞ ይደውሉልኝ፣ መጥቼ እወስዳታለሁ።”

“አደራን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?” አለና ፈገግ አለ።

ሚስቱ ወይንሸት መጀመሪያ ተቆጣች። “ሳትጠይቀኝ? የሚያጥባት ማን ነው? የሚያበላት ማን ነው?” አለች። ባለች በሦስተኛው ቀን ግን ከውሻዪቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ ስታጥብ ተገኘች። ቀለሟ ቀላ ያለ ቡናማ ስለሆነ ዳማ አለቻት። ከቤት የተረፈውን ሽሮ በእንጀራ ትፈተፍትላታለች፤ ሥጋ ቤቱ ጋ ሄዳም አጥንት ለምና ታመጣላታለች። ዳማ በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሲቀርባት ግድግዳው ላይ ትለጠፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወይንሸት ከበር ስትገባ በሦስት እግሯ እያነከሰች ልትቀበላት መውጣት ጀመረች። ካሳውንም ለመደችው። ጠዋት በረንዳው ላይ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ትመጣና እግሩ ሥር ትጋደማለች። ሰው በሌለበት ጆሮዋን ያካታል። ሰው ሲመጣ ግን እጁን ይሰበስባል።

ጡረተኞቹ አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ሲገናኙ ነበር ነገሩ የጀመረው። ይድነቃቸው የሚባል የድሮ የሥራ ባልደረባው አለ፤ አፉ ሰው አያስተርፍም። አንድ ቀን ካሳው ሲመጣ ከሩቅ አይቶት፣ “ተነሱ፣ የውሻ ሞግዚት መጣ!” አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተንጫጫ። ካሳውም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ሻይ የምትቀዳው ልጅ ሳትቀር፣ “ጋሼ፣ ልጅዎ እንዴት አደረች?” አለችው። በሦስተኛው ቀን ወደ ሻይ ቤቱ አልሄደም።

ያም ሆኖ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ የእርቁ ቀን ባይመጣ ኖሮ።

በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሙሉ የተኮራረፉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ የካሳው ግቢ ተሰበሰቡ፤ ይድነቃቸውም አንዱ ነበር። ካሳው መሀል ተቀምጦ ስለ ይቅርታ የተዘጋጀበትን ንግግር ጀመረ። ድምፁ ረግቶ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ እየሰማው ሳለ ዳማ ከጓሮ ወጣች። እያነከሰች፣ እግሯ ላይ የወይንሸት አሮጌ ነጠላ ተጠምጥሞባት፣ በሽማግሌዎቹ መሀል አልፋ መጣችና ጭንቅላቷን የካሳው ጉልበት ላይ አሳረፈች።

ይድነቃቸው፣ “ሞግዚቷን ፈልጋ ነው፣ ይፍቀዱላት” አለ።

ሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሁለቱ ጠበኞች እንኳ እየሳቁ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከዚያ በኋላ እርቁ ያለ ብዙ ክርክር አለቀ። ወይንሸት ማታ፣ “ዳማ ናት ያስታረቀቻቸው” ብላ ደስ አላት። ካሳው ግን እርቁን አላየም። ጆሮው ውስጥ የቀረው ሳቁ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወይንሸት የእህቷን ልጅ ክርስትና ልትጠይቅ አላማጣ ሄደች። እሷ ከግቢው እንደወጣች ካሳው ታሂርን ጠራው። ታሂር የባጃጅ ሾፌር ነው፤ የድሮ ተማሪው ነበር፣ አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኗል።

“ይችን ውሻ ሮቢት ለባለቤቷ ላደርሳት ነው” አለው። ዋጃ በሰሜን፣ ሮቢት በደቡብ መሆኑን ታሂር ያውቃል፤ የሲቲንና የዋጃን ነገር ግን አያውቅም።

ዳማ ባጃጁ ውስጥ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥላ ጭንቅላቷን ካሳው ጭን ላይ አድርጋ በጎን የሚያልፈውን ሜዳ ማየት ያዘች። ሮቢት መግቢያ ላይ የጭነት መኪኖች ጎማ የሚያስጠግኑበት ጎሚስታ ቤት አለ። ካሳው እዚያ አስቆመና ወደ ጓሮው ወሰዳት። ገመዱን ከአንገቷ ፈታው። ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ቆርሶ በተነላት። እሷ አጎንብሳ ስትበላ ፈጠን ብሎ ተመለሰና ባጃጁ ውስጥ ገባ።

“ንዳው” አለ።

“ባለቤቷስ?”

“ይመጣል፤ ንዳው አልኩህ።”

ከፊታቸው አንድ ተሳቢ መንገዱን ይዞ እየዞረ ስለነበር ታሂር ፍጥነት ቀነሰ። ያኔ ዳማ ደረሰች። አስፋልቱን በሦስት እግሯ እየዘለለች መጥታ የፊት እግሮቿን ባጃጁ ወለል ላይ ሰቀለች። አፏ ዙሪያ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ካሳው ጫማውን አንስቶ ገፋት። የገፋት በታመመው ጎኗ ነው። ሆን ብሎ አልመረጠውም፤ የቀረበው ግን ያ ነበር። ጮኸች፣ ወደቀች፣ ተሳቢው አለፈ፣ መንገዱ ተከፈተ።

ታሂር በመስታወቱ አይቷል። እስከ ቆቦ ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ካሳው እጅ ላይ ገመዱ ነበር።

አመሻሹ ላይ ወይንሸት ስትመለስ፣ “ዳማ ገመዱን በጥሳ ሄደች፤ ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት” አላት። ወይንሸት የያዘችውን ዘንቢል ጥላ ወደ ጓሮ ሄደች። ገመዱ ካሳው መልሶ የሰቀለበት ችንካር ላይ ተንጠልጥሏል። አነሳችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጇ አሳለፈችው። ደህና ገመድ ነበር፤ የተበጠሰ ቦታ የለውም። ወይንሸት ዘወር ብላ ባሏን አየችው፤ እሱ የበሩን መዝጊያ እያየ ነበር። እራት አቀረበችለትና እሷ ሳትበላ ተኛች።

በነጋታው የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት ፈሪሀ ስትሮጥ መጣች፤ ወይንሸት ደውላ ነግራታለች። ከኋላዋ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭንና ረጅም ሴት ተከትላለች፤ ሲቲ ናት። ሲቲ የቀጠሮዋ ቀን ገና ቢሆንም ውሻዋን ለማየት ከሌሊት ጀምራ በእግሯ ተጉዛ ዋጃ ላይ ሚኒባስ ይዛ መጥታለች። በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በሁለት እጇ ለካሳው ዘረጋች።

“ጀዛከላህ፣ አባቴ” አለችው። “የሰው አደራ ቤትዎ አስገብተው፣ ቁስል አጥበው። ፈሪሀ ሁሉን ነግራኛለች። አላህ በልጅ በጤና ይክፈልዎ።”

ካሳው ቅቤውን ተቀበለ።

“አምልጣ ነው እኮ” አለ።

“ሰማሁ። አይዘኑ። እንስሳ ናት፣ ደንግጣ ነው። በአላህ ፈቃድ እናገኛታለን። ሰውማ አንቱን ካላመነ ማንን ያምናል?”

ፈሪሀ ገመዱን ጠየቀች። ወይንሸት ከጓሮ ይዛው መጣች፤ ገመዱ ሁለት ቦታ ሆኗል። ካሳው የተቆረጠበትን አየ። በቢላዋ ተቆርጦ፣ ከዚያ ጫፉ እንዲፈረፈር ድንጋይ ላይ ታሽቷል። ወይንሸት ሌሊት አልተኛችም ማለት ነው። ገመዱን ለፈሪሀ ሰጥታ ወደ ቤት ገባች፤ ስታልፍ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው፣ ቀና ብላ ግን አላየችውም። በትዳር ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ወይንሸት ስትዋሽ አይቷት አያውቅም። አሁን ዋሸች፤ ያውም ለእሱ ብላ።

“በጥርሷ ታግላዋለች፣ ምስኪን” አለች ፈሪሀ ጫፉን እየዳሰሰች። “ሩቅ አትሄድም፣ በዚያ እግር። ገበያው ውስጥ ትሆናለች። እንከፋፈል።”

ፍለጋው እስከ ቀትር ቆየ። ፈሪሀ በከብት ገበያው በኩል፣ ወይንሸት በእህል ተራ፣ ካሳውና ሲቲ በመንገዱ ዳር። ሲቲ የውሻዪቱን ስም ጠይቃው ነገራት። ያቺ ሴት አይታት የማታውቀውን ውሻ “ዳማ! ነይ ዳማዬ!” እያለች ከድንኳን ድንኳን፣ ከጋሪ ሥር ጋሪ ሥር እያጎነበሰች ስትጣራ፣ እሱ ዝም ብሎ ከኋላዋ መሄድ አልቻለም። ዝም ቢል ያስነቃበታል። እሱም ተጣራ። “ዳማ! ዳማ!” አለ። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የለመደ ትልቅ ድምፅ አለው፤ ሰው ሁሉ ዞር ዞር እያለ አየው። ሽንኩርት ሻጮቹ፣ “ጋሽ ካሳው ምን ጠፋባቸው?” ይባባላሉ። “የአደራ ውሻ” ሲባሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዷ ስፍራዋን ትታ ልትፈልግለት ተነሳች። እሱ ግን መጣራቱን አላቆመም።

የባጃጆቹ መቆሚያ ጋ ሲደርሱ ታሂር ነበር።

ሲቲ ወደ እሱ ሄዳ፣ “ወንድሜ፣ አንዲት ቡናማ ውሻ፣ የምታነክስ፣ አላየህም?” አለችው።

ታሂር ካሳውን አየው። ካሳው ከሲቲ ትከሻ በላይ ዓይኑን ዓይኑ ላይ ተክሎ ቀረ። ምን እንደለመነው ታሂር ገብቶታል። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል እያለ ፈተና ሲኮርጅ ይዞት፣ ክፍሉ ፊት ሳያዋርደው ለብቻው ጠርቶ፣ ውሸት እንዴት ሰውን እንደሚያሳንስ ግማሽ ሰዓት የመከረው መምህሩ ነው። ታሂር አንገቱን ደፋ።

“አላየሁም፣ እናቴ” አለ።

ከዚያ ባጃጁን ማጽዳት ጀመረ፤ የጸዳውን መልሶ እያጸዳ።

ያ ነገር ካሳውን ሰበረው። ሲቲን፣ “አንቺ እዚህ ቆዪ፣ እኔ ወደዚያ ልሂድ” ብሎ ዞር አደረጋትና ባጃጁ ውስጥ ገባ።

“ሮቢት” አለ።

“እሺ ጋሼ።”

“ታሂር...”

“ይተዉት ጋሼ፣ እንሂድ።”

ጎሚስታ ቤቱ ያለው ሰውዬ ገና ሲጠይቁት በእጁ አመለከተ። ከጓሮው አንድ ሞተሩ የወጣ አሮጌ አይሱዙ ቆሟል። “ከትናንት ጀምሮ ሥሩ ገብታለች። ውኃ አስቀመጥኩላት፤ ሰው ሲቀርብ ግን ትነክሳለች። ማን አባቱ እንደጣላት እንጃ” አለ።

ካሳው በጉልበቱ ተንበረከከ። ጋቢው ግሪስ ውስጥ ገባ። ከመኪናው ሥር ሁለት ዓይኖች ያያሉ።

“ዳማ” አለ ቀስ ብሎ።

ጆሮዋ ቆመ። አወቀችው። አውቃውም ጥርሷን አሳየች፤ እያጉረመረመች ወደ ኋላ፣ ወደ ጎማው ተጠጋች። እጁን ዘረጋ፤ ባዶ አየር ነከሰች። ዳቦ ቢያሳያት ይባስ ተኮራመተች። ታሂር ሞከረ፣ አልሆነም። ካሳው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፈልጎ እንዳገኛት አድርጎ፣ “ሮቢት ድረስ ሄዳ ኖሯል!” ብሎ ይዟት ሊመለስ መንገድ ላይ አስቦ ነበር። አሁን ያ እንደማይሆን ገባው። ይህች ውሻ ከእሱ ጋር አትሄድም። የምታምነውን ሰው መጥራት አለበት፤ ያ ሰው ሲመጣ ደግሞ ውሻዪቱ ካሳውን ስታይ ምን እንደምትሆን ያያል።

ስልኩን አወጣና ለፈሪሀ ደወለ።

“አግኝቻታለሁ። ሮቢት ናት” አለ።

“አልሐምዱሊላህ! ሮቢት ድረስ በዚያ እግሯ? እንዴት...”

“ራሷ አልመጣችም። እኔ ነኝ ያመጣኋት። እኔ ነኝ የጣልኳት፣ ፈሪሀ። ገመዱን አልበጠሰችም። ወይንሸትን ይዘሽ ነይ፣ እኔን እምቢ ብላለች።”

የገበያው ጫጫታ በስልኩ ይሰማል። ከዚያ፣ “እሺ፣ መጣን” አለችና ዘጋችው።

ሦስቱ ሴቶች በሚኒባስ መጡ። ወይንሸት ለማንም ሰላምታ ሳትሰጥ በቀጥታ ወደ መኪናው ሄዳ በሆዷ ተኛች። “ዳማዬ፣ ነይ የኔ እናት፣ ነይ” አለች። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ውሻዪቱ በመጨረሻ እየተሳበች ወጥታ የወይንሸት ብብት ውስጥ ጭንቅላቷን ቀበረች። ፈሪሀ ተንበርክካ ከዳማ እግር ላይ ነጠላውን ፈታችው። ሊድን የተቃረበው ቁስል ተከፍቶ እንደገና ደምቷል፤ ጎኗም አብጧል።

ፈሪሀ ቀና ብላ ካሳውን አየችው። መቆጣት ቢሆን ይሻለው ነበር።

“ለምን አልደወሉልኝም?” አለች። “ከበደችኝ ቢሉኝ መጥቼ እወስዳት ነበር እኮ። ማንም አይወቅስዎትም ነበር።”

ይድነቃቸው ሳቀብኝ ሊል ነው? ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ሳቁብኝ ብዬ ነው ሊል ነው?

“አላውቅም” አለ።

ሲቲ እስካሁን ከዳር ቆማ ነበር። ነገሩ አሁን ገና ገባት መሰል፣ ቀስ ብላ ቀረበችው።

“ታዲያ” አለች፣ “ገበያው ውስጥ ከኔ ጋር ሲጣሩ የነበረውስ?”

“እዚያ እንደሌለች አውቅ ነበር።”

“እያወቁ ‘ዳማ ዳማ’ ሲሉ ነበር?”

“አዎ።”

ሲቲ አልሰደበችውም፣ አልረገመችውም። ጥቂት አየችውና ከዚያ ፊቷን ወደ ወይንሸት አዞረች። “ያ ቅቤ ያንቺ ነው፣ እህቴ” አለች። “ለሰጠሁት ሰው አይደለም የመጣው። ላጠባት ሰው ነው።”

ዳማን ፈሪሀ ወሰደቻት። ሁለት ሳምንት እሷ ዘንድ ከርማ እግሯ ሲደርቅ ሲቲ መጥታ ወደ ቆላው ይዛት ወረደች። ካሳው ሊሸኝ አልተጠራም።

የሠራውን ነገር ይዞ መቀመጥ አልቻለም። ሻይ ቤት ሄዶ ለይድነቃቸውና ለሌሎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው፤ የጫማውንም፣ የገበያውንም። እንደሚፈርዱበት አምኖ ነው የሄደው። እነሱ ግን ሳቁ። “በውሻ ነው እንዲህ የጠቆርከው?” አለ ይድነቃቸው። “እኔ ደግሞ ሰው የገደልክ መስሎኝ። ተወው ወንድሜ፣ ሻይህን ጠጣ።” ሌላው፣ “ብቻ ጨዋ ነህ፣ ይህንም ትናገራለህ” ብሎ አመሰገነው። ካሳው የቀረበለት ሻይ ቀዘቀዘ። ወቃሽ ማጣቱ ሸክሙን ሊቀንስለት ሲገባ ጭራሽ አከበደበት። የተሰማው ነገር ለእነሱ የማይታይ ከሆነ፣ ይቅር የሚለው ማን ነው?

ለነሱ ከነገራቸው በኋላ ነው ወይንሸትን የጠየቃት። ልብስ እያጠበች ነበር።

“ገመዱን ለምን ቆረጥሽው?”

ሸሚዙን ጨመቀችው፣ አራገፈችው፣ ገመድ ላይ ሰቀለችው።

“አንተን ላድን ብዬ እንዳይመስልህ” አለች። “ፈሪሀ ስትመጣ ገመዱን ደህና ካየችው ታውቃለች። ያቺ ልጅ የምታምነው ሰው ጥቂት ነው። በእኔ ቤት እንዲህ መሆኑን እንድታውቅ አልፈለግሁም። አፍሬ ነው።” ከዚያ የሚቀጥለውን ልብስ አነሳች። “አሁንም አፍራለሁ። እኔም ዋሽቻለሁ።”

ካሳው ባልዲውን ብድግ አድርጎ ውኃ ሊቀዳ ሄደ። ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

ለቅሬው ሰብሳቢነቱን እንደሚለቅ ነገራቸው፤ ምክንያቱን ቢያስረዳም እንደ ትሕትና ቆጥረውበት አንለቅህም አሉት። እሱ ግን በስብሰባው ከዚያ በኋላ መሀል አልተቀመጠም።

ግንቦት ውስጥ ፈሪሀ እንደገና መጣች። ገላው በእከክ የተበላ፣ ዕድሜው ገና የሆነ ጥቁር ውሻ በካርቶን ይዛለች። በረንዳው ላይ የነበረውን ካሳውን ደህና ዋሉ ብላ በአክብሮት አለፈችውና ወይንሸትን ጠራች። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ምግቡ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚታጠብ ለወይንሸት ነገረቻት። ደብተሯን አውጥታ የተረካቢውን ስም ጻፈች፤ ወይንሸት ብላ። ካሳው ከተቀመጠበት ሆኖ ብዕሩ ሲንቀሳቀስ አየ።

ፈሪሀ ልትወጣ ስትል ተነሳና እስከ በር ሸኛት።

“ማጠቡን እኔ ባግዛትስ?” አለ።

“እትዬ ወይንሸት ከፈቀደች” አለችው።

ወይንሸት ፈቀደች። በየሦስት ቀኑ ጠዋት ካሳው እጅጌውን ሰብስቦ፣ መድኃኒቱን በውኃ በጥብጦ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ቦታ ላይ ውሻውን ያጥባል። ከግድግዳው ጀርባ ጥላ ነበረ፤ እዚያ ማጠብ ይችል ነበር።

አንድ ቀን ሊድያ የምትባል አዲስ ጎረቤት፣ የድሮውን ነገር የማታውቅ፣ ስታልፍ ቆም አለች።

“እንዴት ያምራል ጋሼ! የእርስዎ ነው?”

ካሳው የአረፋውን ውኃ ከክንዱ ጠረገ።

“የባለቤቴ አደራ ነው” አላት። “ለኔ አልሰጡኝም።”